ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክን የኤሌክትሪክ መኪና ለመርከብ ጉዞ ማዘጋጀት

ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ከቤት ዕቃው ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ብዙውን ጊዜ መኪናው ነው። ዋጋው ከፍተኛ ነው፣ በሁለት አገሮች ሕግ ይታያል፣ በጉዞው ላይም ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ብዙ ጊዜ ይተላለፋል። ባለቤቱ በመኪናው ላይ የማዘዝ ሙሉ ሥልጣን የሚኖረው ግን ወደቡ በር እስኪደርስ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጎደለ ወረቀት ማሟላትም ሆነ ውስጡ የተረሳ ዕቃ ማውጣት ገንዘብና ጊዜ ያስከፍላል፤ መኪናው ምን ዓይነት ይዞታ ላይ ሆኖ እንደተላከ ማስረዳትም በእጅ ባለው ማስረጃ ላይ ብቻ የተመሠረተ ይሆናል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ኖረው መኪናቸውን በባልቲሞር ወይም በሌላ የምሥራቅ ጠረፍ ወደብ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ላሰቡ ወገኖች ነው።

መኪናው ወደ አገር መግባት ይችላል ወይ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በጥር 2016 ዓ.ም. እንዳስታወቁት ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ ለዓመታት በጥንቃቄ የያዙት የቤንዚን ቶዮታ የቱንም ያህል ጥሩ ይዞታ ላይ ቢሆን እዚያው አሜሪካ መሸጡ ነው የሚሻለው። ሃይብሪድ መኪና ያለው ሰውም የነዳጅ ሞተር እንዳለው አይዘንጋ፤ ከጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ሳይዝ ለመርከብ ቦታ ገንዘብ መክፈል የለበትም። «እገሌ ባለፈው ዓመት አስገብቷል» የሚለው ወሬ በጉምሩክ መስኮት ፊት ዋጋ የለውም።

በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ መኪና ሲሆን ነገሩ ይቀላል። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል፣ በከፊል ተገጣጥሞ የሚገባው 5 በመቶ እንዲከፍል፣ ተበትኖ የሚመጣው ደግሞ ከቀረጥ ነጻ እንዲሆን ተደርጓል። ይሁን እንጂ የታክስ ተመን በየጊዜው የሚሻሻል በመሆኑ የመኪናዎን ሞዴል፣ የተሠራበትን ዓመትና የተገዛበትን ዋጋ አዲስ አበባ ላለ ፈቃድ ያለው ትራንዚተር ልከው መኪናው በሚደርስበት ጊዜ የሚከፈለውን በጽሑፍ ያስሰሉ። በራስ የውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃ ያለ ባንክ ምንዛሪ ፈቃድ ሲገባ የፍራንኮ ቫሉታ ጉዳይ ስለሚነሳ፣ ትራንዚተሩ ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰነድም ጨምሮ እንዲዘረዝርልዎት ይጠይቁ።

ሕጉ ከፈቀደ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አገር ቤት ቻርጅ የሚደረገው እንዴት ነው የሚለው ነው፤ ይህም በሚገባ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የቤት ሶኬት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ የኢትዮጵያው ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ የተገጠመው ቻርጀር ሁለቱንም ይቀበላል፤ ችግሩ ያለው ከሶኬቱ እስከ መኪናው በሚዘረጋው ተንቀሳቃሽ ገመድ ላይ ነው። በገመዱ ሣጥን ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፦ እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ካልተጻፈበት በአገር ቤት ሶኬት ላይ እንዳይሰካ። ከዚህ ሌላ የመሰኪያው ቅርጽ አለ። የአሜሪካ መኪኖች ጄ1772 ወይም የቴስላውን ናክስ መሰኪያ ሲጠቀሙ፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ከቻይና የመጡ በመሆናቸው የጂቢ/ቲ መሰኪያ አላቸው። ለቤት ውስጥ ዝግተኛ ቻርጅ የሚሆን አስማሚ በቀላሉ ይገኛል፤ ለፈጣኑ የዲሲ ቻርጅ ግን መኪናውና ጣቢያው እርስ በርስ መነጋገር ስላለባቸው ተራ አስማሚ አይበቃም። ስለዚህ አሜሪካ ሳሉ 240 ቮልት የሚቀበል ጥሩ ገመድ መግዛት የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

እዚያው ሳሉ ሊያልቁ የሚገባቸው የጥገና ሥራዎችም አሉ። ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሆነውን የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያልተፈጸመ የሪኮል ጥሪ፣ ማለትም አምራቹ ጉድለት ለማስተካከል ያወጣው ጥሪ፣ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ካለ የአምራቹ ወኪል በነጻ ይሠራዋል፤ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ይህን የሚሠራ የአምራቹ ወኪል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የዋናው ባትሪ ጤንነት ምርመራ ውጤትም ታትሞ ከሰነዶቹ ጋር ቢቀመጥ፣ መኪናውን በኋላ ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው ትልቅ ማስረጃ ይሆናል። በማይል የሚያሳየውን የፍጥነት መለኪያ ወደ ኪሎ ሜትር መቀየር ከመኪናው ሴቲንግ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው። ለሬዲዮ ለሚጨነቁ ደግሞ፣ የአሜሪካ መኪና ሬዲዮ የሚይዘው በጎዶሎ አሥርዮሽ የሚያልቁ ሞገዶችን ስለሆነ ሸገር 102.1ም ሆነ ፋና 98.1 ያለ ችግር ይሰማሉ።

ወረቀቱ

መኪና መርከብ ላይ ሳይወጣ ወደብ ላይ የሚቀረው በአብዛኛው በወረቀት ምክንያት ነው። የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያገለገለ መኪና በመርከብ ከመውጣቱ ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ የባለቤትነት ማረጋገጫው፣ ማለትም ታይትሉ፣ ከነቅጂው እንዲቀርብለት ያዛል። ዋናው ታይትል እንጂ ፎቶ ኮፒ ብቻ አይበቃም። መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበት አበዳሪው መኪናው ከአገር እንዲወጣ መፍቀዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ ከሆነም የአበዳሪው ስም ከታይትሉ ላይ ተነስቶ አዲስ ታይትል እስኪወጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም ይህን ሥራ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥ በፊት መጀመር ያስፈልጋል።

ሌላው ለአሜሪካ መንግሥት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚቀርበው የወጪ ዕቃ መግለጫ ነው። ያገለገለ መኪና ዋጋው ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ ከዚህ ግዴታ ነጻ አይሆንም። ላኪው ግለሰብ ቢሆንም በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ማቅረብ ስለማይችል ኢአይኤን የተባለውን መለያ ቁጥር ከአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ማውጣት ይኖርበታል፤ ይህ ቁጥር በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል። መግለጫውን ብዙውን ጊዜ የሚሞላው የጭነት አስተላላፊው ድርጅት ነው፣ ሆኖም የሞላውን ሳያዩ አይለፉት። አንድ የሻንሲ ፊደል ቢሳሳት መኪናው ከወደብ አይንቀሳቀስም።

በእኛ ሰው ወረቀት ላይ ከምንም በላይ ችግር የሚፈጥረው ስም ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ተከታትለው ሲጻፉ፣ የአሜሪካ ታይትል ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ የአባት ስም በአንድ ፊደል አጥሮ ወይም ጭራሹን ተትቶ ይገኛል። አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ ሌላው ላይ በሌላ አጻጻፍ የገባ ስም አሜሪካ ውስጥ ማንንም ላያሳስብ ይችላል፤ ዕቃው በሚወርድበት በሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ግን የመኪናው ባለቤትና ፓስፖርቱን የያዘው ሰው አንድ መሆናቸውን ማስረዳት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ቢኤሉ፣ ማለትም የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ እንዲላክልዎት ጠይቀው ስሙን ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ያስተያዩት። ታይትሉ ላይ ያለው ስም የተለየ ከሆነ ከመነሻው ማስተካከል፣ ካልተቻለም ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ በኤምባሲው በኩል አስረጋግጦ መያዝ ነው። መኪናውን የሚረከበው ወንድም ወይም ዘመድ ከሆነም የውክልናው ሰነድ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ መጠቀሱን አይርሱ።

በሮሮ ወይስ በኮንቴይነር?

መኪና በባሕር የሚጓዘው በሁለት መንገድ ነው። ሮሮ በሚባለው መርከብ የወደቡ ሹፌር መኪናውን እየነዳ ያስገባዋል፤ ኮንቴይነር ሲሆን ደግሞ ገብቶ ከታሰረ በኋላ በሩ ይታሸጋል። ሮሮ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ቀላል ነው፣ ነገር ግን መኪናው መነዳት የሚችል መሆን አለበት፣ ቁልፉም ከማያውቁት ሰው እጅ ይገባል፣ ውስጡም ምንም ዓይነት ዕቃ አይፈቀድም። ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄድ መኪና ግን እኔ ኮንቴይነርን እመርጣለሁ፤ ዋናው ምክንያቴም ከጅቡቲ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ኮንቴይነሩ ታሽጎ በመልቲሞዳል ሥርዓት፣ ማለትም በአንድ የጭነት ሰነድ የባሕሩንም የየብሱንም ጉዞ አያይዞ፣ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከተጓዘ መኪናው መሐል ላይ አይነካም። በሮሮ ጅቡቲ የወረደ የኤሌክትሪክ መኪና ግን እየተነዳ ሊመጣ አይችልም፤ የባቡሩ መስመር ብቻ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የመኪናው መንገድ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል፣ በበረሃው መንገድ ላይም እንደ ልብ የሚገኝ የቻርጅ ጣቢያ የለም። በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ መምጣት ስላለበት ይህ ወጪ ከመጀመሪያው መታሰብ ይኖርበታል።

የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉም የመርከብ ድርጅት የሚቀበለው ጭነት አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ፌሊሲቲ ኤስ የተባለችው መርከብ 4,000 ገደማ መኪኖችን እንደጫነች በአዞረስ ደሴቶች አጠገብ ተቃጥላ በኋላ ሰጥማለች፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይም 3,000 ገደማ መኪኖች የጫነችው ሞርኒንግ ሚዳስ ከአላስካ ራቅ ብላ በእሳት ተያይዛ ሰጥማለች። ከዚህ በኋላ ማትሰን የተባለው የአሜሪካ የመርከብ ድርጅት ባትሪ የሚሞሉ መኪኖችን መቀበል አቁሟል። በሊቲየም ባትሪ የሚሠራ መኪና በዓለም አቀፉ የባሕር ጭነት ደንብ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ የሚመደብ አደገኛ ጭነት ነው። ስለዚህ ለአስተላላፊው «መኪና» ብሎ ብቻ መናገር አይበቃም፤ የኤሌክትሪክ መሆኑን በጽሑፍ ያሳውቁ። አደጋ ደርሶበት የተጠገነ ወይም በጎርፍ የተነካ ባትሪ ካለውም መደበቅ የለበትም፤ በተለይ የጨው ውኃ የነካው ባትሪ ከብዙ ቀን በኋላም በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል አደጋው የሚተርፈው ለመርከበኞቹ ነው።

መኪናውን ማዘጋጀት

በመጀመሪያ መኪናው ይታጠብ፤ ላዩ ብቻ ሳይሆን ሥሩም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ክረምት መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ከመኪናው ሥር ተጣብቆ ሳምንታት በሚቆይ እርጥብ ጉዞ ላይ ብረቱን ይበላዋል። ቆሻሻ የለበሰ መኪና ላይ ደግሞ ያለው ጭረት ስለማይታይ፣ ፎቶ የሚነሳው ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ነው። ውስጡ የወደቀ የምግብ ፍርፋሪ እንኳ እንዳይቀር ተጠርጎ፣ ምንጣፉ በደንብ ይድረቅ፤ በሙቅ ባሕር ላይ የታሸገ ኮንቴይነር ግድግዳው ያልበዋል፣ እርጥበቱም ሻጋታ ያመጣል። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት በየወለሉ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፣ አየር የማያሳልፍ የላስቲክ ሽፋን ማልበስ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል።

ቀጥሎ ውስጡ ያለው ሁሉ ይውጣ። ከጓንቲው ሣጥን፣ ከወንበር ሥር፣ ከኋላና ከፊት ዕቃ መጫኛው ዕቃ እንዳይቀር። የአውራ ጎዳና ክፍያ የሚቆርጠው ኢዚ ፓስ ከመስታወቱ ላይ ተነቅሎ ሒሳቡ ይዘጋ፤ መኪናው በሌላ ተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ ሲያልፍ እንኳ ሊቆርጥ ይችላል። ኮንቴይነሩ ውስጥ የቤት ዕቃ አብሮ እንዲሄድ የተፈቀደልዎ ከሆነ በዝርዝሩ ላይ የሰፈረ መሆን አለበት፤ ለዘመድ ብለው ኮፈኑ ሥር የሸጎጡት ስልክ ወይም ልብስ መላውን ጭነት ለፍተሻ ሊያቆመው ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። የበሩን መቆለፊያ፣ ስክሪኑንና ዋናውን ባትሪ የሚያገናኘውን ማብሪያ የምታንቀሳቅሰው እርሷ ናት፤ እርሷ ከሞተች ዋናው ባትሪ ግማሽ ቻርጅ ቢኖረውም መኪናው አይከፈትም፣ አይነሳምም። ያረጀች ከሆነች ከጉዞው በፊት ትለወጥ። ዋናው ባትሪ ምን ያህል ቻርጅ ይዞ እንዲሄድ የሚወስነው የመርከቡ ድርጅት ነው፤ ብዙዎቹ ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ጨርሶ ባዶ ማድረግም ሆነ መቶ በመቶ መሙላት አይገባም። መኪናው ቆሞ ሳለ ባትሪ የሚበላውን ሁሉ ያጥፉ፦ ቴስላ ከሆነ ሴንትሪ ሞድን፣ ሌላም ከሆነ የጥበቃ ካሜራውንና በርቀት ማሞቂያውን። በስልክዎ ያለው መተግበሪያ መኪናውን ደጋግሞ እንዳይቀሰቅሰው አለመክፈት ይሻላል። ለመንዳት የሚጠየቀው የይለፍ ቁጥርም ይነሳ፣ ወደቡ ላይ ያለው ሹፌር ቁጥሩን አያውቀውምና። በአንድ ወረቀት ላይ መኪናው እንዴት እንደሚነሳ፣ ማርሽ እንዴት እንደሚገባና ሲጎተት ጎማው በነጻ እንዲዞር ምን እንደሚነካ በአጭሩ ተጽፎ መሪው ላይ ቢለጠፍ ያለ ልምድ ከሚደረግ ሙከራ ያድናል።

ጎማዎቹ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይነፉ። ስፖኪዮዎቹ ይታጠፉ። የኮንቴይነሩን ጠባብነት በቁጥር ማየት ይጠቅማል፦ የውስጡ ስፋት 2.35 ሜትር ያህል ነው፣ የቴስላ ሞዴል ዋይ አካል ደግሞ ያለ ስፖኪዮ 1.92 ሜትር ነው። መሐል ላይ ከቆመ በሁለቱም ጎን የሚተርፈው ሃያ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በሩን ከፍቶ መውጣት አይቻልም። መኪናው ወደ ቀኝ ተጠግቶ ይገባና ሹፌሩ በመስኮት ይወጣል፤ መስኮቱ ከዚያ በኋላ በቁልፉ ወይም በስልክ ሊዘጋ መቻሉን አስቀድመው ይሞክሩት። ሲታሰር ቺንጊያው በጎማዎቹ ላይ ማለፍ አለበት፤ ከባትሪው ሣጥን አጠገብ ወይም ከጎማ ማንጠልጠያ (ሳስፔንሽን) ክንዶቹ ጋር እንዲታሰር አይፍቀዱ። የጎማ ማቆሚያ እንጨቶቹ ወለሉ ላይ በሚስማር መመታታቸውንም በዓይንዎ አይተው ፎቶ ያንሱ።

ኢንሹራንስ

የመርከቡ ድርጅት ለመኪናው ሙሉ ዋጋ ኃላፊ ነው ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የአሜሪካ የባሕር ጭነት ሕግ፣ ዋጋው አስቀድሞ ተነግሮ በቢኤሉ ላይ ካልሰፈረ በቀር፣ የአጓጓዡን ኃላፊነት በአንድ ጥቅል ወይም በአንድ የጭነት መለኪያ በ500 ዶላር ይገድበዋል። ስለዚህ የጭነት ኢንሹራንስ የግድ ነው፣ ጠቅላላ ጥፋትን ብቻ ሳይሆን ከፊል ጉዳትንም የሚሸፍን ይሁን። ሽፋኑም ጅቡቲ ላይ ሳይሆን መኪናውን በሚረከቡበት ቦታ የሚያበቃ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሁለት ነገሮችን ለይተው ይጠይቁ። አንደኛው የጦርነት አደጋ ሽፋን ነው፤ በተለመደው ውል ውስጥ የማይካተት ሲሆን፣ ጅቡቲ የምትገኘው ግን ባብ ኤል መንደብ ላይ ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሁቲዎች የተያዘችው ጋላክሲ ሊደር የመኪና ማጓጓዣ መርከብ ነበረች። ሁለተኛው ጄኔራል አቬሬጅ የሚባለው የጋራ ኪሣራ ነው፦ መርከቧን ለማዳን የወጣ ወጪ በጭነቱ ባለቤቶች ሁሉ ላይ ይከፋፈላል፣ የእርስዎ መኪና ምንም ባይነካም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የባልቲሞርን የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ የመታችው ዳሊ የተባለች መርከብ ባለቤቶች ይህንኑ አውጀዋል። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዋስትናውን ኩባንያው ይሰጥለታል፤ የሌለው ግን ጭነቱን ለማስለቀቅ ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ አለበት።

ማስረከብና መረከብ

መኪናውን ከማስረከብዎ በፊት በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሱት፦ አራቱንም ጎን፣ ጣሪያውን፣ እያንዳንዱን ጎማ፣ ፓራውልቶቹን፣ በፊት መስታወት በኩል የሚታየውን የሻንሲ ቁጥር፣ የቻርጅ መሰኪያውን ቀዳዳ፣ ባዶውን የውስጥ ክፍል፣ የኪሎ ሜትርና የቻርጅ መጠኑን የሚያሳየውን ስክሪን። ቀድሞ የነበረ ጭረት ካለ አቅርበው ያንሱት፤ እርሱን አለመደበቅ የቀረውን ማስረጃ ተዓማኒ ያደርገዋል። ወደቡ ግቢ ለመግባት የትራንስፖርት ሠራተኞች መታወቂያ የሆነው ትዊክ ካርድ ወይም ይህን የያዘ አጃቢ ስለሚያስፈልግ ቀጠሮውን ከአስተላላፊው ጋር ያመቻቹ፣ በሩ ላይ የሚሰጠው መረከቢያ ሰነድም የመኪናውን ይዞታ የሚገልጽ ይሁን። ታርጋው ተፈትቶ ለሜሪላንድ ወይም ለቨርጂኒያ የተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ሳይመለስ የአሜሪካውን የመንገድ ኢንሹራንስ አያቋርጡ፤ ቅጣት ያስከትላል።

ሞጆ ላይ ኮንቴይነሩ ሲከፈት እርስዎ ወይም ወኪልዎ በቦታው ተገኝተው የማሸጊያውን ቁጥር ከቢኤሉ ጋር አስተያዩ፣ ከዚያም ፎቶዎቹን ይዘው መኪናውን ዙሩት። መኪናው አልከፈት ካለ በሩን ከመታገል ትንሿን ባትሪ በውጭ ባትሪ መቀስቀስ ነው። በግልጽ የሚታይ ጉዳት ካለ ከመረከብዎ በፊት በሰነዱ ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር ያድርጉ፤ ሳይጽፉ መፈረም መኪናው በደህና እንደደረሰ ማመን ነው። በዓይን የማይታይ ጉዳት ከሆነ ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ሕግ ለአጓጓዡ በጽሑፍ ለማስታወቅ የሚሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው፣ ክስ ለመመሥረት ደግሞ 1 ዓመት፤ ለኢንሹራንሱም በዚያው ቀን ማስታወቅ ይገባል።